እሳት የማይነካው ቅጠል

*ጠላ ምሬቱን ከጌሾ እንደሚያገኝ የማያውቅ የለም። ጌሾው መቼ፣ ስንቴና እንዴት ተደርጎ እንደሚገባ ግን ጠማቂዎቹ ብቻ የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ ነው። በሌላው ዓለም ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎችም ይህንኑ ጭቅጭቅ ይዘዋል።*

ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ገበያ ውስጥ ጌሾ የሚገዛ ሰው ከአኳኋኑ ይታወቃል። በርበሬ ገዢ ቀለም ያያል፤ ቅቤ ገዢ ያሸታል። ጌሾ የሚገዙት እናት ግን ከማዳበሪያው አፍ አንድ ጭብጥ ያነሱና በሁለት መዳፋቸው መሃል ያሹታል። ብናኙን እፍ ብለው ያባርራሉ። ከቀረው ላይ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ይሄኔ ሻጯ ሚዛኗን ትታ የገዢዋን ፊት ታያለች፤ ፊታቸው ካልተኮሳተረ ክርክር ሊነሳ ነው።

«የዘንድሮ ነው ይሄ?»

«እማማ፣ ከተቆረጠ ወር አልሞላውም። አረንጓዴነቱን አያዩትም?»

«አረንጓዴማ ጥላ ውስጥ ከደረቀ ያምናውም አረንጓዴ ነው። እኔ የምልሽ ምሬቱን ነው።»

ጠላ የቀመሰ ሁሉ ጌሾን በስም ያውቀዋል። «ጌሾ በዝቶበታል»፣ «ጌሾ አንሶታል» ብሎ አስተያየት ለመስጠትም ማንም ወደኋላ አይልም። አንድ ነገር ግን ብዙዎች ልብ አይሉትም። ለጠላ የሚሰናዳው ነገር አብዛኛው በእሳት ያልፋል፦ ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፣ ቂጣው ምጣድ ላይ ይበስላል፣ እንኩሮው ይታመሳል፣ ጋኑ ራሱ በጢስ ይታጠናል። ከዚህ ሁሉ መሃል ብቅሉና ጌሾው ፀሐይ እንጂ እሳት አያውቁም። ብቅሉ ለምን እንደዚህ እንደሚያዝ ግልጽ ነው። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይሩት ኢንዛይሞች ያሉት እሱ ላይ ነው፤ ብርቱ እሳት ይገድላቸዋል። ጌሾውስ?

ጥያቄው የሚከብደው የፋብሪካ ቢራን ስናስብ ነው። የቢራ ምሬት የሚመጣው ሆፕ ከሚባል አበባ ነው፤ አበባው ከብቅሉ ውሃ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ካልተንተከተከ ምሬቱን በደንብ አይሰጥም። ቢራ ያለ እሳት አይመርም። ጠላ ይመራል።

## ቅጠሉና እንጨቱ

ጌሾ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ ቅጠሉ ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ ቁጥቋጦ ነው። አበባው አረንጓዴና እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ፍሬው መጀመሪያ ቀልቶ ኋላ ይጠቁራል። ሳይንስ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይለዋል። ከኤርትራ ደጋ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ዱር ውስጥ ይበቅላል፤ ጓሮ ተክሎ፣ ቅጠሉን ሸምጥጦ መጠጥ የመጥመቁ ሙያ የጸናው ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ ነው።

ጌሾና ሆፕ በሥራ ይመሳሰሉ እንጂ በዘር አይገናኙም። ሆፕ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ገመድ ላይ የሚወጣ ተክል ሲሆን የቅርብ ዘመዱ ካናቢስ ነው። የጌሾ ዘመድ ደግሞ በየቆላው ልጆች ፍሬውን የሚለቅሙት ቁርቁራ ነው። ጸዶ የሚባለውም የጌሾ ወንድም ነው፤ እሱም በአንዳንድ አገር ለመጠጥ ማምረሪያ ያገለግላል።

ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይባላል። ይህ ክፍፍል ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም። ጠጅ ማርና ውሃ ነው፤ ቅጠል ቢገባበት የቅጠሉን ጣዕም የሚሸፍንለት እህል የለውም። ቀለሙም ይደፈርሳል። እንጨቱ ግን ምሬቱን ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ በቃ ሲባልም ተለቅሞ ይወጣል። በነገራችን ላይ የጠጅ ጌሾ ሁልጊዜ እሳት አያመልጥም፦ ከጥቂት ብርዝ ጋር አፍልተው የሚመልሱት ጠጅ ጣዮች ብዙ ናቸው። የጠላ ቅጠል ግን ከጓሮ እስከ ጋን ከእሳት ጋር አይተዋወቅም።

ጌሾ የማይገባባቸው የቤት መጠጦችም አሉ። የደቡቡ ቦርዴ አይፈልገውም። ሻሜታም እንዲሁ። ሁለቱም ቶሎ ተጠምቀው ቶሎ የሚጠጡ፣ ወፍራምና ከምግብ የሚቆጠሩ ናቸው። የጎንደር ኮረፌ በአንጻሩ ጌሾ አለው።

## ወቀጣው

በድሮ ሰርግ ድግሱ የሚጀምረው ከጌሾ ወቀጣ ነበር። ዛሬም በብዙ የገጠር ቀበሌዎችና በአንዳንድ የከተማ ሰፈሮች እንዲሁ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ዘነዘናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ሙቀጫ ይከቡና አንዷ ስታነሳ ሌላዋ እየጣለች ይወቅጣሉ። ዘፈኑ ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ምቱ ከተዛባ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፣ ወይም የሰው ጣት ያገኛል። እልልታው ሲቀልጥ ጎረቤቱ ሁሉ ሰርግ መኖሩን ያውቃል። የሙሽራው እናት በበኩሏ ስንት ዘነዘና እንደመጣላት ትቆጥራለች፤ በድግሱ ቀን ማን እንደሚቆምላት የምታውቀው ያኔ ነው።

ከጭፈራው ጀርባ የሙያ ጥያቄ አለ፦ ምን ያህል ይድቀቅ? ሳይደቅ የቀረ ቅጠል ምሬቱን ይዞ ይቀራል። ዱቄት እስኪሆን የተወቀጠው ደግሞ ከጠላው አልለይ ብሎ ያስቸግራል፤ ምን ቢያጠሉት ይወርዳል፣ ጥርስ ላይም ይቀራል። ልምድ ያላቸው ሴቶች እጃቸውን ከተው እያሹ «በቃው» የሚሉበት ልክ አለ፦ የቅጠሉ ሥጋ ተለይቶ፣ ጅማቱ ገና ሳይደቅ። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ጌሾ የማይወዱ ጠማቂዎች የሚያነሱት ምክንያት ይኸው ነው። ወፍጮ ሥጋና ጅማት አይለይም።

እኔ እንዳየሁት ክርክሩ ያለቀው በሙያ ሳይሆን በጉልበት ማነስ ነው። ከተማ ውስጥ ሙቀጫ ያለው ቤት እየጠፋ ነው። ሻጮቹም የተፈጨ ጌሾ በላስቲክ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እንደ ሾላዋ እናት በመዳፋቸው አሽተው የሚቀምሱ ገዢዎች ወደ ተፈጨው ዞር ብለው አያዩም። ጎረምሳ ልጅ ያስከተሉት ግን ጊዜ የላቸውምና ይገዙታል።

## ጋኑ ውስጥ

ጎንደር ተወልደው ያደጉ፣ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ለማኅበርና ለሰንበቴ በትዕዛዝ የሚጠምቁ አንዲት እናት ሥራቸውን የሚጀምሩት ከጋኑ ነው። በግራዋ ቅጠል ውስጡን ይፈትጉታል። ውሃ እየቀየሩ ያለቀልቁታል። ከዚያ የወይራ ፍልጥ አጢሰው ጋኑን ይደፉበታል። ጢሱ ሲበቃው አንገታቸውን ጋኑ ውስጥ ከተው ያሸታሉ። ጋኑ ያለፈውን ጠላ ጠረን ከያዘ እንደገና ወደ ግራዋው ነው። ብዙ ጠማቂዎች የላስቲክ በርሜል የገዙት ለዚህ ድካም ሲሉ ነው። እሳቸውም አንድ አላቸው። ግን ለችኮላ ሥራ ካልሆነ አይነኩትም፤ ላስቲክ ጢስ አይዝም።

ጥንስሱ ቀላል ይመስላል። የተወቀጠ ጌሾ፣ የተወሰነ የብቅል ዱቄትና ቀዝቃዛ ውሃ ይገባና ጋኑ ይከደናል። ጌሾውን መጀመሪያ ለብቻው ዘፍዝፈው ብቅሉን ኋላ የሚጨምሩም አሉ። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም፤ የሚሸተው ድርቆሽ ነው። በሁለተኛው ቀን የጌሾው ቅጠል ወደ ላይ ተንሳፎ ሽፋን ይሠራል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ አረፋ ይወጣል። እኚህ እናት ግን ከድነው የተዉትን ጥንስስ በየጊዜው እየከፈቱ አያዩም። ጆሯቸውን ከጋኑ ሆድ ያስጠጋሉ። ውስጡ ዝናብ እንደነካው ጣራ ይንጠባጠባል። «ተነስቷል» ይላሉ ቀና ብለው።

ድፍድፉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ተቆራርሶ የደረቀ ቂጣ፣ አሻሮ፣ እንኩሮ፣ የቀረው ብቅል ሁሉ ይገባና እንደ ገንፎ ይወፍራል። አሁን ነው ሁለተኛው ጌሾ የሚገባው። እሳቸው ከቅጠሉ ጋር ጥቂት የተወቀጠ እንጨት ይቀላቅላሉ። ከሸዋ የመጡ ባልደረባቸው ግን ሁለተኛ ጌሾ አይጨምሩም፤ «አንዴ የጠነሰስኩት ይበቃኛል፣ ከዚያ በላይ ለሆድ አይስማማም» ነው የሚሉት። ሁለቱ በአንድ ሰንበቴ ተራ እየገቡ የሚጠምቁ ናቸው። ጠጪዎቹም በየወሩ ሁለት ጎራ ሆነው ይከራከራሉ።

> «የመጀመሪያው ጌሾ ለሥራ ነው። ሁለተኛው ለአፍ።»

የጎንደሯ እናት ስለ ሁለተኛው ጌሾ የሰጡኝ ማብራሪያ ይህ ብቻ ነው። በጣም አጭር ነው፤ ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው ይዞታል። ጥንስስ ላይ የገባው ጌሾ እርሾውን ለማስነሳት፣ ጋኑን ከማይፈለግ ነገር ለመጠበቅ ነው። ለብዙ ቀን ተዘፍዝፎ ምሬቱ ከመፍላቱ ጋር ይለዝባል። ድፍድፉ ላይ የገባው ግን ገና ትኩስ ነው፤ የጠላውን የፊት ጣዕም የሚሰጠው እሱ ነው። ድፍድፉ ከሰነበተ በኋላ በውሃ ተበጥብጦ ጋኑ ይሞላል፣ አፉ ይታሸጋል፣ ሲጠራ ይቀዳል። ቶሎ የቸኮለ ጉሹን ይጠጣል። የመጨረሻው፣ ውሃ የበዛበት፣ ቅራሪ ተብሎ ለልጅና ለሥራ ሰው ይሆናል።

## ሆፕ ሳይፈላ ሲገባ

አሁን ወደ ሌላው ዓለም የቤት ጠማቂዎች እንሻገር። አሜሪካ ውስጥ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1972፣ ካስኬድ የሚባል የሆፕ ዝርያ ከኦሪገን ለገበሬ ወጥቶ ነበር። በ1975 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮው አንከር ቢራ ፋብሪካ ሊበርቲ ኤል የተባለውን ቢራ ሲጠምቅ ካስኬድን ቢራው በእርሾ ከፈላ በኋላም ሳያንተከትክ ጨመረበት። መዓዛው የግሬፕፍሩት ልጣጭ ነበር። ዛሬ ያለው የአሜሪካ የቤት ጠማቂ ትውልድ በዚያ መዓዛ ያደገ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘዴው ራሱ ያረጀ ነው። እንግሊዞች በርሜል ውስጥ አንድ ጭብጥ ሆፕ ጨምረው ወደ መጠጥ ቤትም፣ ወደ ሕንድም ይልኩ ነበር። ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት የሆፕ ሁለት ጠባይ ነው። ምሬቱ የሚገኘው አልፋ አሲድ ከሚባሉ ነገሮች ነው፤ እነዚህ ሲንተከተኩ መልካቸውን ቀይረው ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። መዓዛው ግን በሚተኑ ዘይቶች ላይ ነው። ድስቱ ሲንተከተክ ምሬቱ ይገባል፣ መዓዛው በእንፋሎቱ ይሄዳል። ሁለቱንም የፈለገ ሰው ሆፑን ሁለት ቦታ መክፈል አለበት፦ ከፊሉን ለእሳት፣ ከፊሉን ለቀዝቃዛው ቢራ።

የቤት ጠማቂዎቹ ጭቅጭቅ ታዲያ ከሰንበቴው ጭቅጭቅ ብዙም አይርቅም። መቼ ይግባ? ቢራው መፍላቱን ሳይጨርስ የሚጨምሩ አሉ፤ እርሾው ገና ሕያው ስለሆነ ከሆፑ የወጡትን አንዳንድ የመዓዛ ዘይቶች ወደ ሌላ መዓዛ ይቀይራቸዋል። አብሮ የገባውን አየርም ይበላዋል። ሌሎቹ እርሾው ወደ ታች እስኪረጋ ይጠብቃሉ፤ መዓዛው ንጹሕ ይሆንላቸዋል፣ ነገር ግን በርሜሉን በከፈቱ ቁጥር ኦክስጅን ይገባል። ሆፕ የበዛበት ቢራ ለኦክስጅን ደካማ ነው። በቀናት ውስጥ ወርቃማው ቀለም ይጠቁራል፣ የፍራፍሬው መዓዛም ካርቶን ካርቶን ማለት ይጀምራል። ጠንቃቃዎቹ ሆፑን ከመጨመራቸው በፊት የዕቃውን አናት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞሉታል።

ምን ያህል ይግባ? በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ለ1 ሊትር ቢራ ከ4 እስከ 8 ግራም ሆፕ ካለፈ ጭማሪው እንደማያዋጣ አሳይቷል። ከ8 ግራም በላይ የብርቱካንና የሎሚው መዓዛ በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ይልቅ የሻይ ቅጠልና የእጽ ጠረኑ ይጎላል። ይህ የሚያበሳጫቸው ጠማቂዎች አሉ፤ ብዙ ሆፕ መጨመር የወንድነት መለኪያ የሆነበት ሰፈር እዚያም አለ።

ስንት ቀን ይቆይ? ሁለት ሦስት ቀን ለብዙው ይበቃል። ሳምንታት የተረሳ ሆፕ የሣር ጣዕም ያመጣል። ለማውጣት እንዲቀል በተቀቀለ የጨርቅ ከረጢት አስረው፣ እንዳይንሳፈፍ የብረት ክብደት ጨምረው የሚያሰጥሙት አሉ። ከረጢቱ ጠብቆ ከታሰረ ግን መሃል ያለው ሆፕ ቢራውን ሳያገኝ ደርቆ ይወጣል። ለዚያ ነው ሰፋ ያለ ከረጢት፣ ወይም ያለ ከረጢት ለቆ ኋላ በቅዝቃዜ ማርጋት የሚመረጠው። ደርቆ ተጨምቆ እንደ መኖ ፍርፋሪ የተሠራ ሆፕ ጋዝ ያለው ቢራ ውስጥ በአንዴ ሲጣል ምን እንደሚሆን ደግሞ ያየው ያውቀዋል፦ አረፋው ገንፍሎ ጣራ ይደርሳል።

> ሆፑ ጣዕም ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ሥራም ይዞ መጥቷል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ሆፕ የገባበት ቢራ ፍላቱን ጨርሷል ሲባል እንደገና ይነሳል። ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1893 ሆራስ ብራውንና ሃሪስ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን ምክንያቱን ጽፈውታል፦ ያልተንተከተከ ሆፕ ኢንዛይም አለው፤ ኢንዛይሙ እርሾው ሊበላው ያልቻለውን ስታርች ቀመስ ቅሪት ወደ ስኳር ይሰባብረዋል፣ እርሾውም ተመልሶ ሥራ ይጀምራል። ጽሑፉ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረ። ቢራ ጠማቂዎች ያስታወሱት ሆፕ በኪሎ መጨመር ከጀመሩና ጣሳዎቻቸው ማበጥ ከጀመሩ በኋላ ነው። አሁን ብልሆቹ ሆፕ ከጨመሩ በኋላ ቢራው ለሁለተኛ ጊዜ እስኪረጋ ይጠብቃሉ፤ ካልጠበቁ የቅቤ ሽታ ያመጣል።

የጎንደሯ እናት ይህን ሲሰሙ አልገረማቸውም። «እና ለምን ይጨምሩታል ታዲያ፣ ካላስነሳ?» አሉ።

## ሞቅታው የማን ነው?

ስለ ጌሾ ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ እኔን የማያሳምነኝ አንዱ «ጌሾ የበዛበት ጠላ ቶሎ ያሰክራል» የሚለው ነው። ጌሾ ብቻውን በውሃ ቢዘፈዘፍ ማንንም አያሰክርም። አልኮሉ የሚመጣው ከእህሉ ስኳር ነው፤ ስኳሩን የፈታው ብቅሉ፣ የበላው እርሾው ነው። በተለምዶ ጠላ ከመቶ 2 እስከ 6 ያህል አልኮል የሚኖረው በእህሉ ብዛትና በውሃው መጠን ነው። ቢሆንም ጠጪዎቹ ያዩትን አላዩም ማለት አይቻልም። ጌሾ በደንብ የገባበት ጥንስስ በደንብ ይነሳል፤ በደንብ የተነሳ ጥንስስ ድፍድፉን ይጨርሰዋል። ስኳር ያልቀረው ጠላ ጠንካራ ነው። እንግዲህ ጌሾው ራሱ ባያሰክርም ከአስካሪው ጋር አብሮ ይገኛል።

«ለሆድ አይስማማም» የሚለው የሸዋዋ ጠማቂ ስጋት ግን መሠረት ያለው ይመስለኛል። ጌሾ ውስጥ ኢሞዲንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል። አውሮፓ ውስጥ የጌሾ ዘመዶች ለሆድ ድርቀት ማስለቀቂያ ሲያገለግሉ የኖሩት በእንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች የተነሳ ነው። ያልተጣራ ጉሽ በባዶ ሆድ የጠጣ ሰው የሚያወራው ታሪክ ሁሉ የእህሉ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ሳይንቲስቶቻችን ጌሾን ችላ አላሉትም። ብርሃኑ አበጋዝና ተስፋዬ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚስቶች ማኅበር መጽሔት ላይ ከቅጠሉ የመራራነቱን አንድ ምንጭ ለይተው አውጥተው ጌሾይዲን ብለው ሰየሙት። ከዚያ በፊት በ1991 ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ ጋሼ የጠላን ረቂቅ ሕዋሳት ተከታትለው ነበር። ጠላ ውስጥ እርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ጎን ለጎን እንደሚሠሩ፣ ነገሩ ሲሰነብት ደግሞ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች እንደሚነሱ ያሳየው ሥራ የእነሱ ነው። ኮምጣጤ አምጪዎቹ አየር ይፈልጋሉ። አፉ ያልታሸገ ጋን የሚኮመጥጠው፣ ለእንግዳ ተከፍቶ ለነገ ያደረ ጠላ የሚበላሸው በዚህ ነው። ጌሾ ብዙ ተህዋስያንን ያዳክማል፤ ክፍት ጋንን ግን ከኮምጣጤ አያድንም።

የፋብሪካ ቢራ ከጌሾ ጋር ሳይተዋወቅ ቀርቷል። በ1915 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ሲመሠረት የመጣው የአውሮፓ ሙያ ነው፤ ሆፕ እስከ ዛሬ ከውጭ ይገባል። ሆፕን በጌሾ ለመተካት የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። የውጭ ምንዛሬ ባጠረ ቁጥር ሐሳቡ ይነሳል። በእኔ ግምት ችግሩ የምሬት አይደለም። ሆፕ የሎሚና የአበባ መዓዛ ይሰጣል፣ አረፋን ይደግፋል፤ ጌሾ የሚሰጠው ሌላ ነው። ቢራ ጠጪው ጌሾ ቢያገኝ «ጠላ ሰጣችሁኝ» ብሎ ይመልሰዋል።

## ጌሾ በባልዲ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ጌሾ ከበርበሬና ከሽሮ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። እንጨቱ ከቅጠሉ በፍጥነት ያልቃል፤ ባሕር ማዶ ጠጅ ከጠላ ይልቅ ይጠመቃል። ጠጅ ማር፣ ውሃና ትዕግሥት ነው። ጠላ ብቅል፣ ቂጣ፣ አሻሮና ቦታ ይጠይቃል። የአፓርታማ ጎረቤት ደግሞ የወይራ ጢስ ሲሸተው የእሳት አደጋ ይጠራል።

ሕጉ ከባድ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ ለራስ ፍጆታ መጥመቅ ይፈቅዳል፤ ለወይንም እንደዚሁ። መሸጥ ግን ክልክል ነው። ከድፍድፉ አረቄ ማውጣት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ቤት ውስጥ አልኮል ማንጠር ያሳስራል። እስራኤል ውስጥ ከጎንደርና ከትግራይ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን እናቶች ጠላቸውን አልተዉም። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ግን አንድ ባልዲ ጥንስስ መገኘቱ ብቻ መዘዝ ያመጣል፤ ስለሱ የሚያወራም የለም።

ሜሪላንድ ውስጥ ያሉ ወጣት ጠማቂዎች ሥራውን ከሁለት ወገን ይማሩታል። ከእናት በስልክ፣ ከቢራ ጠማቂ ጓደኛ በጋራዥ። ባልዲው አየር የሚያስወጣ፣ የማያስገባ ቧንቧ ያለው ክዳን አለው፤ የኮምጣጤውን ችግር ብዙውን ይፈታዋል። ሙቀቱን በቴርሞሜትር ያያሉ። ጌሾውን ደግሞ ቢራ ጠማቂዎቹ ሆፑን እንደሚያደርጉት በከረጢት ማሰር ጀምረዋል፤ ማጥለሉ ይቀላል፣ የወጥ ቤቱ ማፍሰሻም አይደፈንም።

አንዱ ይህን ለእናቱ በቪዲዮ ሲያሳይ የተሰጠው መልስ፦ «ልጄ፣ ጌሾ ታስሮ ይሠራል እንዴ?»

በከፊል እውነታቸውን ነው። ጠብቆ በተሞላ ከረጢት ውስጥ መሃሉ ሳይርስ ይቀራል፣ ጥንስሱም ይዘገያል። እሱ ያገኘው መላ ሁለቱን ያስታረቀ ነው፦ የጥንስሱን ጌሾ ልቅ ይተወዋል። የድፍድፉን ብቻ ሰፋ ባለ ከረጢት ግማሽ ድረስ ይሞላል። በየቀኑ በታጠበ እጅ ይጨምቀዋል። ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ይቀምሳል። የሚፈልገው ልክ ላይ ሲደርስ ከረጢቱን ያወጣዋል። ምሬቱ ካነሰው ተጨማሪ ቅጠል በትንሽ ማሰሮ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ፣ አጥሎ፣ ውሃውን ይጨምራል። እናቱ አሁን የሚጠይቁት ስለ ከረጢቱ አይደለም፤ ብቅሉን ከየት እንዳመጣው ነው። ከቢራ ጠማቂዎች መደብር የገዛው የገብስ ብቅል በደንብ የተፈጨ አልነበረም።